ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ የሚለው፦ የሲቪ ጆይንት ጥያቄና መልስ

የዛሬው ጥያቄና መልስ ስለ ሲቪ ጆይንት ነው፤ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው፣ ዘንጉ እየታጠፈ እንዲሽከረከር የሚያደርገው መጋጠሚያ። 22 ዓመት መኪና ሥር ተኝቻለሁ፤ አብዛኛው ቪትዝና ኮሮላ ነው። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነት፣ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ ቡቱ (ያ አኮርዲዮን የመሰለው የጎማ ሽፋን) ደህና መሆኑን ጻፉ። «መኪናዬ ድምፅ አላት» ብቻ ላለ ሰው መልስ የለኝም።

የቪትዝ ባለቤት፣ ሲኤምሲ፦ ጋሼ፣ በፈረንጅ 2006 ሞዴል ቪትዝ ናት። ከግቢ ስወጣ መሪውን ጠምዝዤ ነዳጅ ስሰጣት ከፊት ቀጭ ቀጭ ትላለች። ቀጥ ስትል ዝም።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! የውጭው ጆይንት ነው፣ ጎማው ጋ ያለው። ውስጡ 6 ኳሶች አሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ቦይ ውስጥ ይሄዳል። ቀጥ ብለሽ ስትነጂ ኳሶቹ ቦዩ ላይ አንድ ቦታ ነው የሚውሉት፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚበላው ያ ቦታ ነው፣ ጎድጎድ ይላል። መሪ ስትጠመዝዢ ኳሱ ወዲህ ወዲያ መመላለስ አለበት፤ ከጉድጓዱ እየዘለለ ሲወጣና ሲገባ ነው ቀጭ የሚለው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ፈትቼ፣ በነዳጅ አጥቤ፣ ጥፍሬን በቦዩ ላይ ሳስኬድ መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ያዘኝ። ጥፍር ከያዘ አለቀለት። ግራሶ ሞልተው ቢመልሱልሽ ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ያፍነዋል እንጂ አያድነውም።

አሁን ደግሞ ሁሌ የምለውን ልበል። ጆይንቱን የሚገድለው ዕድሜ ሳይሆን ቡቱ ነው። ቡት ሲቀደድ ዘንጉ እየተሽከረከረ ግራሶውን ይረጨዋል፤ ቸርኬው ውስጠኛ ጎን ላይ ጥቁር ቅባት ታያለሽ። ከዚያ ክረምት ከሆነ ጭቃ፣ በጋ ከሆነ አቧራ ይገባል፤ ከቀረው ግራሶ ጋር ተለውሶ ሞረድ ይሆናል። በወር አንዴ መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘሽ፣ ጎንበስ ብለሽ በባትሪ እይው። ስንጥቅ ሳለ ከተደረሰበት ቡትና ግራሶ ብቻ ነው ወጪው።

የአዳማው፦ ወደ ግራ ስትታጠፍ ከጮኸች የሞተው የቀኙ ነው። ይታወቃል።

የቴክኒክ ተማሪ፦ አይደለም። ወደ ግራ ስትታጠፍ አብልጦ የሚጠመዘዘው የግራ ጎማ ነው፤ የሚጮኸውም እሱ።

የአዳማው፦ ክብደቱ የሚያርፈው ቀኝ ላይ ነው! 15 ዓመት ነድቻለሁ።

የቴክኒክ ተማሪ፦ መንዳትና መፍታት ለየቅል ነው።

መልስ፦ በቃ። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ በዚህ ብቻ ዕቃ አትግዙ። ድምፅ በብረት ስለሚሄድ ጆሮ ያሳስታል። ባዶ ሜዳ ፈልጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ክብ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ክብ አዙሩ፤ በሪቨርስም ድገሙት። ከዚያ በክሪክ አንሡ፣ ስታንድ አስገቡ (ክሪክ ብቻውን አትመኑ)፣ ዘንጉን በእጅ ጨብጣችሁ ወዲህ ወዲያ ነቅንቁት። አንደኛው ወገን ላይ ቡት ከተቀደደ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ከሐዋሳ፦ የኔዋ ስትታጠፍ ምንም አትልም። ከ60 ወደ 80 ስትፈጥን ግን ትንቀጠቀጣለች፤ ነዳጅ ስለቅ ይጠፋል። የጎማ ባላንስ ሁለቴ አሠራሁ።

መልስ፦ ገንዘብህን አቃጠልህ። የባላንስ ንቅናቄ ነዳጅ ሰጠህም ለቀቅህም አይጠፋም። ነዳጅ ስትሰጥ መጥቶ ስትለቅ የሚሄደው የውስጠኛው ጆይንት ነው፣ ካምቢዮው ጋ ያለው። እሱ ኳስ ሳይሆን 3 ሮለር ነው ያለው፤ ዘንጉ እንደ መንገዱ እንዲረዝምና እንዲያጥር ሮለሮቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ። ቤቱ ሲበላ ሮለሩ እየተንገጫገጨ ነው የሚንሸራተተው። ግን አስቀድመህ የሞተሩን ጎሚኒዎች (ሞተሩ የሚያርፍባቸውን የጎማ ትራሶች) አሳይ፤ የወደቀ ጎሚኒ ዘንጉን ከመስመሩ አውጥቶ ተመሳሳይ ንቅናቄ ያመጣል።

ስሙን ያልጻፈ፦ መኪናዬ ከፊት ድምፅ አላት። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

የዶልፊን ሾፌር፦ ዶልፊኔ (የቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ) መሪ ሳዞር ፊት ላይ ያንኳኳል። ሲቪ ጆይንት ነው?

መልስ፦ ዶልፊን የሚነዳው በኋላ እግሩ ነው፤ ፊት ላይ ሲቪ ጆይንት የለውም። ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጎቹን መጋጠሚያ) እና ኩሽኔታ (የጎማውን ቤሪንግ) አሳይ።

የዶልፊን ሾፌር፦ ክሮቼራስ (የኋላ ማስተላለፊያ ዘንጉ መስቀለኛ መጋጠሚያ)?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ኮሮላ ያለው፣ ጀሞ፦ ራሴ ልቀይረው ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዳዶዋን። ጎማው መሃል ላይ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ትልቋን፣ በ30 ቁጥር ቡሶላ የምትፈታዋን። ከንፈሯ ወደ ዘንጉ ቦይ ተቀጥቅጦ ገብቷል፤ መጀመሪያ በስካርፔሎ አንሣው፣ አለዚያ ጥርሱን ይዛ ትወጣለች። ስትመልስ አዲስ ዳዶ ግዛ፣ በቶርክ መፍቻ (ጥብቀቱን በሚለካው) እሰር፤ በብዙዎቹ ኮሮላዎች 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ የመኪናህን መጽሐፍ እይ። «እስኪበቃው» የሚባል መለኪያ የለም።

ዳዶዋ ሳትጠብቅ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳትንከባለል። ይኼን ከራሴ ጥፋት ነው የምናገረው። ጀማሪ ሳለሁ፣ ከበሩ ላይ ዘወር ትበል ተብሎ፣ ዳዶዋን በእጅ ብቻ ይዣት መኪናውን ገፋን። ብዙም ሳይቆይ ደንበኛው «ጎማው ያጉረመርማል» ብሎ ተመለሰ። የጎማውን ኩሽኔታ አንድ ላይ ጨምቃ የምትይዘው ዳዶዋ ናት፤ ላልታ ክብደት ሲያርፍበት ኩሽኔታው ተጎድቷል። ኩሽኔታውን ከደመወዜ ነው የገዛሁት።

ሌላው፣ ዘንጉን በጆይንቱ ላይ አታንጠልጥል፤ በሽቦ እሰረው። ከካምቢዮ ስታወጣው ዘይት ይፈስሳል፤ ዕቃ ደቅን፣ የፈሰሰውንም ያህል መልስ። ካምቢዮው ሲቪቲ (ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነ ተራ የካምቢዮ ዘይት አታስገባበት። ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) በዘንጉ ጥርስ እንዳትቧጭረው። ክሪክ ብቻውን አትመን፣ ብያለሁ።

ከሜሪላንድ፦ እዚህ ለበረዶው መንገዱ ላይ ጨው ስለሚረጩ ዘንጉ ሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ውስጥ ዝጎ አልወጣም አለኝ። በመዶሻ ልበለው?

መልስ፦ ጥርሱን ልታጠፋው? አሮጌዋን ዳዶ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል አድርገህ መልሳት፣ የዝገት ማላቀቂያ ረጭተህ አሳድረው፣ ከዚያ በነሐስ ምታ። እምቢ ካለ ግፊት የሚሰጥ መሳቢያ ተከራይ።

የአዳማው፦ የኛ ልጆች የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ያዟዙሩታል። ድምፁ ይጠፋል!

መልስ፦ ይጠፋል፣ አልዋሽም። ኳሱ ቦዩን በአንድ ወገን ስለሚበላው ሲገለበጥ ባልተበላው ወገን ይሄዳል። ግን ጥርሱና መጠኑ በሁለቱም ወገን አንድ የሆነበት መኪና ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ የተጎዳ ጆይንትም የተጎዳ ነው። ለቸገረው ሰው ጊዜ መግዣ ነው።

የቴክኒክ ተማሪ፦ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ አዲስ ቻይና?

የአዳማው፦ ኦሪጅናል ነዋ፣ ይኼም ይጠየቃል?

መልስ፦ ይጠየቃል፤ አሮጌ ጆይንት አዲስ ቡት ለብሶ ይሸጣል። ጆይንቱን እስከ ጥግ አጥፋችሁ በእጅ አዙሩት፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ተዉት። የጥርሱን ብዛት ከአሮጌው ጋር ቁጠሩ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ላለው መኪና፣ አሮጌው ላይ የጥርስ ቀለበት ካለች አዲሱም ላይ መኖሯን እዩ። ቀለበቷ ከጎደለች የኤቢኤስ መብራት በርቶ ይቀራል።

ከቦሌ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ይኼ ጣጣ የለበትም አይደል?

መልስ፦ አለበት። ሞተሩ ኤሌክትሪክ ሆነ እንጂ ኃይሉ ወደ ጎማ የሚሄደው በዚያው ዘንግ ነው። ሞተሩ ከመነሻው ሙሉ ጉልበት ስለሚሰጥ ጆይንቱም ከመነሻው ይጫናል። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ደግሞ ኳኳታው ቶሎ ይሰማሃል፤ ይኼ እንኳን ጥሩ ነው።

ስሙን ያልጻፈ፦ አነበብኩ። ግን መኪናዬ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አላወቅሁም።

መልስ፦ እኔም አላውቅም፣ ወንድሜ። ሰው አስነዳና ከውጭ ቆመህ ስማ።

የቪትዝ ባለቤት፣ ሲኤምሲ፦ ጋሼ፣ እንዳልከኝ በባትሪ አየሁት። የቀኙ ቡት ዙሪያውን ተቀዷል፣ ቸርኬው ውስጥ ጥቁር ቅባት ተረጭቷል። የግራው ግን እጥፉ ላይ ስንጥቅ ብቻ ነው ያለው።

መልስ፦ የቀኙን ጆይንት ቀይሪ። የግራውንም እዚያው ሳለሽ ቡቱን አስቀይሪ፤ አሮጌውን ግራሶ አጥበው ያውጡት፣ ለሲቪ ጆይንት የሚሆነውን ጥቁሩን ያስገቡበት፣ ተራ ግራሶ አይሆንም። ክላምፑን (ቡቱን የሚያስረውን ቀለበት) ከማሰራቸው በፊት በውስጡ የታፈነውን አየር ያስወጡ። ራስሽ ቆመሽ እይ።