ጨረር የወሰደ መንጋጋ ላይ ጥርስ ከማስነቀል በፊት

እህቴ፣ አባትሽ የምላሳቸውን ካንሰር በጨረር ከታከሙ 6 ዓመት እንደሆናቸው፣ አሁን የታች ጥርሳቸው እንቅልፍ እንደነሳቸውና ሐኪሙም «ነገ ይነቀል» እንዳለ ጽፈሻል። «ይሄን ያህል ጊዜ አልፎ ጨረሩ አሁንም ጣጣ ያመጣል ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አዎ፣ ያመጣል። እባክሽ ነገ አይነቀል። በእኔ ስለደረሰ ነው የምለምንሽ።

እኔ የጉሮሮ ካንሰር ነበረብኝ። በ7 ሳምንት 35 ጊዜ ጨረር ወሰድኩ፣ በጠቅላላው 70 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)። ከ4 ዓመት በኋላ አንድ የታች መንጋጋ ጥርሴ ታመመና ሰፈር ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ጨረር ወስደህ ታውቃለህ ወይ ያለኝ የለም፣ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም። ጥርሱ በ5 ደቂቃ ወጣ። ቀዳዳው ግን አልገጥም አለ። ሳምንት፣ ወር፣ ሦስት ወር። በምላሴ ስነካው ሻካራ ነገር አለ፣ ለካ አጥንቴ ነው። አፌ ስለሚሸት ሰው አጠገብ መቀመጥ ፈራሁ፤ ባለቤቴ ሽሮውን እያቀጠነችልኝ በማንኪያ ስጠጣ ከረምኩ።

በደንብ ያስረዳኝ በኋላ ያየኝ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነው። ጨረሩ ካንሰሩን ሲገድል አጥንቱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል፣ ጉዳቱ ደግሞ ቀስ እያለ ለዓመታት ይቀጥላል። ካልተነካ ዝም ብሎ ሊኖር ይችላል፤ ሲቆስል ግን ራሱን የሚጠግንበት ደም ያንሰዋል። ኦስቲዮራዲዮኔክሮሲስ ይሉታል፣ በጨረር ምክንያት የሞተ አጥንት ማለት ነው። የታችኛው መንጋጋ ድሮም ከላይኛው ያነሰ ደም ስለሚደርሰው ይበልጥ ይጠቃል፣ በተለይ ከ60 ግሬይ በላይ ያገኘው ቦታ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጨረር ወደወሰዱበት ሆስፒታል ሂጂና ያ ጥርስ ያለበት ቦታ ስንት ግሬይ እንዳገኘ ከካርዳቸው አስወጪ። ወረቀቱን ይዘሽ የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። ብዙ ጊዜ ጥርሱን ሳይነቅሉ ሥሩን አክሞ ማዳን ይቻላል። የግድ ከሆነም እሱ አጥንቱን ብዙ ሳይጎዳ ይነቅላል፣ ድዱ እስኪገጥምም ይከታተላቸዋል። አትደንግጪ፣ ጨረር ወስዶ ጥርስ ያስነቀለ ሁሉ እንደ እኔ አይሆንም፣ አብዛኛው ይድናል። አፋቸው ውስጥ የማይድን ቁስል ካለ ግን ካንሰሩ ተመልሶ እንዳይሆን ናሙና ይወሰድላቸው።

የእኔን የሞተውን አጥንት ጠርገው አወጡት፣ ለወራትም ፔንቶክሲፋይሊን የሚባል የደም ዝውውር የሚያሻሽል መድኃኒትና ቫይታሚን ኢ ዋጥኩ። ድዱ ከዓመት በላይ ፈጅቶ ገጠመ። እንጀራ እበላለሁ፣ ቆሎ ግን ተውኩ።

አንድ ነገር ደግሞ እዪላቸው፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ሦስት ጣት ደርበው ማስገባት ይችላሉ? ካልቻሉ መንጋጋቸው እየተያዘ ስለሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። አፋቸው ይደርቃል ወይ? ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ፍሎራይዱ የበዛ የጥርስ ሳሙና ይዘዝላቸው። ወረቀቱን ስታገኚ የግሬዩን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ።