የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሁለት ባይተዋሮች በአንድ ወንጀል ውስጥ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ዓይነት ፊልም የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት ልንመልሳቸው ወስነናል። ሦስቱም የሚያነሱት ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ታሪክ ውስጥ፣ ከማኅበረሰቡ ዳር ቆመው የኖሩ፣ በምንም መንገድ ሊገናኙ የማይገባቸው የሚመስሉ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚተሳሰሩ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ በ2001 የወጣውን «ሱር ሜ ሌቭር» የተባለ የፈረንሳይ ፊልም ከባለቤቴ ጋር ሆነን አየን። ሴቲቱ ጆሮዋ በቅጡ የማይሰማ የቢሮ ጸሐፊ ናት፤ ሰውዬው ደግሞ ገና ከእስር ቤት የወጣ ሌባ ነው። ሁለቱም አንዱ በሌላው ይጠቀማሉ፤ ሁለቱም ይሰርቃሉ። ባለቤቴ «እንዲህ ያለ ወዳጅነት ያለው ፊልም ላይ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ለሁለቱም ስጨነቅ ቆየሁ። ሌቦች መሆናቸውን እያወቅሁ ለምን ወገንኩላቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በባለቤትዎ አስተያየት አልፈርድም። ብዙ የወንጀል ፊልሞች ሁለት ባይተዋሮችን የሚያወዳጁት ታሪኩ ስለሚፈልገው ብቻ ነው፤ አንድ ሌሊት አብረው ይሸሻሉ፣ አንዱ ያለፈ ሕይወቱን እያለቀሰ ይተርካል፣ ሲነጋ ወንድምና እኅት ሆነው ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ደጋግሞ ያየ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። የጠቀሱት ፊልም ግን ከዚህ ወገን አይደለም፤ ልዩነቱም ከመነሻው ይታያል።

ዣክ ኦዲያር ያዘጋጀው ይህ ፊልም ግንኙነቱን የሚጀምረው ከርኅራኄ ሳይሆን ከጉድለት ነው። ኤማኑኤል ዴቮስ የምትጫወታት ካርላ ከንፈር ማንበብ ትችላለች፤ ስለዚህ ባልደረቦቿ ከሩቅ ሆነው ስለ እርሷ የሚሉትን ሁሉ ታውቃለች። ነገር ግን የምታውቀውን ይዛ የምትሄድበት የላትም። ቫንሳን ካሴል የሚጫወተው ፖል ደግሞ በአመክሮ የተፈታ ሰው ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ልቡ ደፋር ነው፤ ነገር ግን የቢሮ ሥራ አያውቅም፣ ማደሪያም የለውም። እርሷ ያላት እርሱ የሌለው፣ እርሱ ያለው እርሷ የሌላት ነው። መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው ያለው ነገር ፍቅርም ወዳጅነትም ሊባል አይችልም፤ ሁለት የተናቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ዋጋ ቶሎ ማየታቸው ብቻ ነው። እኔን ያሳመነኝም ይኸው ነው፤ ሲናቅ የኖረ ሰው ሌላ የተናቀ ሰው ምን እንደሚችል ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ካርላ ፖልን በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ሲያድር ታገኘዋለች፤ አታጋልጠውም፣ ይልቁንም ማደሪያ ትፈልግለታለች። እርሱም ደግነቷን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉመዋል፤ ውለታ በገላ የሚከፈል ይመስለዋል። ሌላ ፊልም ቢሆን ኖሮ ይህ አጋጣሚ ወይ ወደ ፍቅር ትዕይንት ይለወጥ ነበር፣ ወይ መለያያቸው ይሆን ነበር። እዚህ ግን ሁለቱም ያፍራሉ፤ ኀፍረቱም በመካከላቸው ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን የሚያየው በጥንቃቄ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሥራዋን የቀማትን ባልደረባዋን ሰነድ እንዲሰርቅላት የምትጠይቀው እርሷ ናት። ፖል በተራው ዕዳውን እንዲከፍለው የሚያስገድደውን የምሽት ክበብ ባለቤት ለመዝረፍ ሲያቅድ ዐይኗን ይፈልገዋል፤ ከጣሪያ ላይ ሆና ከማዶ ያሉትን ሰዎች ከንፈር እንድታነብለት ያደርጋል። ብድር በብድር የሚከፈልበት ግንኙነት ቀስ በቀስ ብድሩን መቁጠር ያቆማል፤ መቼ እንዳቆመ ግን ፊልሙ አይነግረንም።

የተጨነቁበት ምክንያትም ከዚሁ የሚመነጭ ይመስለኛል። የዘረፋ ፊልም ልብ ሰቀላ አብዛኛውን ጊዜ «ገንዘቡ ይገኝ ይሆን? ፖሊስ ይደርስ ይሆን?» የሚል ነው። እዚህ ግን ከዚያ የሚከብድ ጥያቄ አለ፤ ፖል የሚፈልገውን ካወቀ በኋላ ካርላ ምን ትጠቅመዋለች? ትቷት ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? ገንዘቡ ቢጠፋ ሌላ ገንዘብ ይገኛል፤ ካርላ ግን ሁለተኛ ሰው ማመን የምትችል አይመስልም። እርስዎ የፈሩላቸው መያዛቸውን ሳይሆን መከዳዳታቸውን ነው፤ ለዚህም ሌቦች መሆናቸው እንቅፋት አልሆነብዎትም። ይህ ማለት ፊልሙ ስርቆትን ያጸድቃል ማለት አይደለም፤ ካርላ በተንኮሉ መደሰት ስትጀምር ፊቷ ላይ የሚታየው ለውጥ የሚያስደነግጥ ነው፤ ዳይሬክተሩም ሊሸፍነው አልሞከረም።

በጆሮዎ የሆነም ነገር አለ። ካርላ የመስሚያ መሣሪያዋን ከጆሮዋ ስታወጣ የፊልሙ ድምፅ አብሯት ይደክማል፤ መልሳ ስታደርገው የቢሮው ጫጫታ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ተመልካቹ ለእርሷ ከማዘኑ በፊት በእርሷ ጆሮ መስማት ይጀምራል። ፊልሙ በ2002 ለዴቮስ ከተሰጠው የምርጥ ተዋናይት ሽልማትና ለፊልም ጽሑፉ ከተሰጠው በተጨማሪ የምርጥ ድምፅ የሴዛር (የፈረንሳይ የፊልም) ሽልማት ማግኘቱ የሚገባው ነበር። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ የፖል የአመክሮ ተቆጣጣሪ ሚስት የጠፋችበት የጎን ታሪክ ከዋናው ጋር የተሰፋው በቀጭን ክር ነው፤ ወደ እርሱ በተሻገርን ቁጥር ከሁለቱ ሰዎች የምንርቅ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የፊልም ጽሑፍ በመጻፍ ላይ ያለሁ ጀማሪ ነኝ። ታሪኬ ስለ አንድ ሽማግሌ የመጋዘን ዘበኛና ሊዘርፍ ስለገባ ወጣት ነው። ዘበኛው ይይዘዋል፣ ነገር ግን ያዝንለትና ይደብቀዋል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ሁለቱም ስላሳለፉት መከራ ይጨዋወታሉ። ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ «ወዳጅነቱ ፈጠነ» ይሉኛል። ተጨማሪ ምልልስ ልጻፍላቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምልልስ አይጨምሩ፤ ያለውንም ይቀንሱ። ወዳጅነቱ የፈጠነው ሁለቱ ሰዎች ጥቂት ስላወሩ አይደለም፤ አንዱ ለሌላው ምንም ሳያደርግ ሆድ ለሆድ ስለተጫወቱ ነው። ዘበኛው «ያዝንለታል» ብለው ጽፈዋል። እስካሁን የማያውቀውን፣ እንጀራውን ሊያሳጣው የመጣን ሰው ለምን ያዝንለታል? ይህን ጥያቄ እርስዎ ካልመለሱት ተመልካቹ ራሱ ይመልሰዋል፤ «ደራሲው ስለፈለገ ነው» ይላል።

የሚከተለውን እንደ ምሳሌ ብቻ ይውሰዱት። ዘበኛው ዐይኑ እየደከመ የሄደ ሰው ይሁን፤ አለቆቹ ካወቁ ስለሚያባርሩት ደብቆታል እንበል። ወጣቱ ከሣጥኖች ጀርባ ተደብቆ ሳለ ሽማግሌው በሩን ሊቆልፍ ይመጣል፤ ቁልፉን ገልብጦ ይዞታል፤ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ እንደገና ይዳብሳል። ወጣቱ ያያል። በማግስቱ ሌሊት፣ ከተያዘ በኋላ፣ ያንኑ ቁልፍ ከሽማግሌው እጅ ውስጥ ምንም ሳይናገር አዙሮ ያስይዘዋል። በዚህች እንቅስቃሴ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው እርዳታ ነው፣ ሁለተኛው «ምሥጢርህን አውቄአለሁ» የሚል ማስፈራሪያ ነው። ሽማግሌው ወጣቱን የሚደብቀው አዝኖለት ይሁን ፈርቶት ራሱም አያውቅም። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበት ትስስር ብዙ ትዕይንት ሊሸከም ይችላል፤ ስላለፈው መከራ ማውራት ቢያስፈልግም እንኳ ታሪኩ ሊያልቅ ሲል፣ ያውም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

ሌላው ማሰብ ያለብዎት ነገር፣ ሁለቱን ያስተሳሰራቸው ግዴታ ሲነሣ ምን እንደሚሆን ነው። በ1958 የወጣውና ስታንሊ ክሬመር ያዘጋጀው «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ሲድኒ ፖይቲየርና ቶኒ ከርቲስ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ታስረው የሚያመልጡ ጥቁርና ነጭ እስረኞች ናቸው፤ በዘር ጥላቻ በተያዘው የአሜሪካ ደቡብ እርስ በርስ ይጠላላሉ፣ ነገር ግን አንዱ ቢወድቅ ሌላውም ይወድቃል። ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስታውሰው በሰንሰለቱ ነው። እኔ ግን ከእናንተ ከጸሐፊዎች ጋር ስነጋገር ሁልጊዜ የማመለክተው ሰንሰለቱ ከተበጠሰ በኋላ ያለውን ክፍል ነው። ሰንሰለቱ እስካለ ድረስ አብረው መሮጣቸው የብረቱ ሥራ ነበር፤ ከተበጠሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ ወደ ሌላው ለመመለስ የሚወስደው እርምጃ የራሱ ፈቃድ ይሆናል። ሁለቱም ተዋናዮች በዚህ ሥራ ለኦስካር በምርጥ ተዋናይነት ታጭተዋል፤ ፖይቲየርም በዚህ ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ተዋናይ ሆኗል።

በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ሰንሰለቱ ምሥጢር ነው። እንግዲህ አንድ ቀን ምሥጢሩ ይውጣ፤ አለቆቹ የሽማግሌውን ዐይን ጉዳይ ይወቁ፤ ወጣቱ የሚያስፈራራበት፣ ሽማግሌውም የሚፈራበት ምክንያት ይጥፋ። ያን ጊዜ ወጣቱ ቢመጣ መምጣቱ ትርጉም ይኖረዋል። ባይመጣም ይኖረዋል፤ እንዲያውም የትኛው እንደሚሆን ገና ሳይወስኑ ቢጽፉት ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ሽማግሌውን ቅዱስ፣ ወጣቱንም ልቡ ንጹሕ የሆነ ሌባ አያድርጓቸው። ከጠቀስኳቸው ፊልሞች በአንዱም ውስጥ ባይተዋሮቹ ለመወደድ አይሞክሩም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ «ሊዮን» የተባለውን ፊልም ልይ እያለች ታስቸግረኛለች። ስለ አንድ ነፍሰ ገዳይና ቤተሰቧ ስላለቀባት ሕፃን ልጅ መሆኑን ሰምታለች፤ ታሪኩ ያሳዝናል ብለዋታል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ቢያቆዩት እመርጣለሁ። ሉክ ቤሶን በ1994 ያዘጋጀው ይህ ፊልም ደም የበዛበት ከመሆኑ በተጨማሪ፣ ዣን ሬኖ የሚጫወተው ገዳይና ናታሊ ፖርትማን የምትጫወታት ልጅ በሚተሳሰሩበት መንገድ ውስጥ ልጅቱ ለትልቅ ሰው የማይገባ ስሜት የምትገልጽባቸው ቦታዎች አሉ። ከ20 ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሌላ ቅጂም ስላለ ይህ ገጽታ በዚያኛው ይበልጥ ይጎላል፤ ስለዚህ ልጅዎ አድጋ ልታየው ብትመጣ እንኳ የትኛው ቅጂ እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ። ፖርትማን ራሷ ካደገች በኋላ ፊልሙ የማይመች ጎን እንዳለው ተናግራለች።

ልጅዎን የሳባት ነገር ግን መጥፎ ነገር አይደለም፤ ማንም የሌላትን ልጅ ማን ይጠብቃታል የሚለው ጥያቄ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከሊዮን 14 ዓመት ቀደም ብሎ ያነሣ «ግሎሪያ» የተባለ ፊልም አለ። ጆን ካሳቬቲስ በ1980 ያዘጋጀው ሲሆን በዚያው ዓመት በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳውን፣ ከሉዊ ማል «አትላንቲክ ሲቲ» ጋር ተጋርቷል። ጂና ሮውላንድስ የምትጫወታት ግሎሪያ ልጆችን እንደማትወድ ፊት ለፊት የምትናገር፣ ቀድሞ ከወንበዴዎች ጋር የኖረች ሴት ናት፤ የጎረቤቷ ቤተሰብ በወንበዴዎቹ ሲያልቅ የተረፈው የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ እጇ ላይ ይወድቃል። ይህም ቢሆን ግድያና ፍርሃት ያለበት ፊልም ስለሆነ መጀመሪያ ብቻዎን ይዩት፤ ከወደዱት ከእርሷ ጋር ሆነው ይዩ። ግሎሪያ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ቆማ የወንበዴዎቹን መኪና ስትተኩስበት፣ ልጁም ያለ እርሷ መሄጃ እንደሌለው ሲያይ የሚታየው ትዕይንት ላይ ሲደርሱ ፊልሙን አስቁመው፣ ከሁለቱ የበለጠ የፈራው ማን እንደሆነ ልጅዎን ይጠይቋት። መልሷን ጽፈው ቢልኩልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።