ኩይሳ ውስጥ የተገኘ እንቁላል

ጥያቄ፦ ግልገል አባይ ዳር ካለው ማሳዬ ጥግ ኩይሳ ስንድ ሃያ ያህል ነጭ፣ ቅርፊታቸው ለስላሳ እንቁላሎች አገኘሁ። ጎረቤቶቼ «የእባብ ነው፣ አቃጥለው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (ገበሬ፣ ከመራዊ አካባቢ)

መልስ፦ አያቃጥሉት። ኩይሳው ውሃ ዳር ከሆነና እንቁላሉ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከረዘመ የአርጃኖ (ውሃ ዳር የሚኖር ትልቅ እንሽላሊት መሰል እንስሳ) ሳይሆን አይቀርም። የዘንዶ ቢሆን እናቲቱን ተጠምጥማበት ያገኟት ነበር፤ እንቁላሏም ብርቱካን ያክላል። አርጃኖ ግን ጥላ ትሄዳለች። ዝናብ ኩይሳውን ሲያለሰልሰው በጥፍሯ ቦርቡራ ትጥላለች፤ ቀዳዳውን ምስጦቹ ራሳቸው ይደፍኑታል። በጋውን ሙሉ ውስጡ ሙቀቱም እርጥበቱም ብዙ ስለማይለዋወጥ እንቁላሉ ከ6 እስከ 9 ወር ሳይበላሽ ይቆያል።

ትልቁ ጥፋት እንቁላሉን ማገላበጥ ነው። ከተጣለ ጥቂት ቀናት በኋላ ሽሉ ከቅርፊቱ የላይኛው ክፍል ጋር ይጣበቃል፤ ሲገለበጥ ሊሞት ይችላል። ቦታውን ያልለቀቀውን አይንኩት። የተንከባለለ ካለና የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደነበር ካወቁ፣ ላዩን በከሰል ምልክት አድርገው እንደነበረው ይመልሱት። ከዚያ ከዚያው ኩይሳ የወጣውን እርጥብ አፈር በእጅ አፍረክርከው አንድ ስንዝር ያህል ያልብሱት። አይጠቅጥቁት፤ ውሃም አያፍስሱበት፤ ሻጋታ ያበላሸዋል። ፀሐይ የመታው እንቁላል ውሃው እያለቀ ስለሚሰረጉድ ሥራውን ቶሎ ይጨርሱ። ትንሽ የተሰረጎደውን ግን ሞቷል ብለው አይጣሉት። ኩይሳውን መናድ ግድ ከሆነ ቀጣዩ ክረምት ይለፍ፤ ግልገሎቹ የሚወጡት ዝናቡ አፈሩን ሲያርሰው ነው።

አርጃኖ ጫጩትና የዶሮ እንቁላል ይወስዳል፤ እውነት ነው። ቀን የሚያድን ስለሆነ የዶሮ ቤቱን ማታ ብቻ መዝጋት አይበቃም፤ ዶሮዎቹ እንቁላል የሚጥሉበትን ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ጥቅጥቅ ባለ ሽቦ ማጠር ይሻላል። ሲያጋጥምዎ ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ይልቀቁለት። መውጫ ያጣ አርጃኖ በጅራቱ ይገርፋል፣ ይነክሳል።

ጥያቄ፦ አሸዋ የምናወጣበት የወንዝ ገደል ላይ የወፍ ጉድጓዶች አሉ። ያልተተወውን በምን እንለያለን?

መልስ፦ የጉድጓዱን አፍ ወለል ይመልከቱ። ዓሣ አጥማጅና ንብ በላ ወፎች በአጫጭር እግሮቻቸው ሲመላለሱ ሁለት ትይዩ ቦዮች ያወጣሉ። ቦዮቹ ጥርት ካሉ ወፍ አለ፤ ዓሣ ዓሣ ከሸተተም አጥማጁ ነው። አፉ ላይ የሸረሪት ድር ካደራበት ተትቷል። ጎሬው አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ አፉን ሳትነኩ ከላይ ብትቆፍሩም ይደረመሳል። ከገደሉ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ።