በበረዶ ላይ ተቀምጦ ውኃ መቆጠብ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል። በደቡብ ዋልታ የምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ገላቸውን የሚታጠቡት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ አንድ ዘመዴ ነገረኝ። ከእግራቸው ሥር ያን ያህል በረዶ እያለ ውኃ እንዴት ይቸግራቸዋል? በዚያ ረጅም ጨለማ ሰው ቢታመምስ ምን ይደረጋል? (ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዘመድዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ በአሜሪካው የአሙንድሰን ስኮት ጣቢያ ሻወር የሚፈቀደው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ለሁለት ሁለት ደቂቃ ነው። የሚቸግረው በረዶው ሳይሆን ማቅለጫው ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ በሆነበት ስፍራ እያንዳንዱ ባልዲ ውኃ የሚገኘው ነዳጅ ነዶ ሲሆን፣ ነዳጁም ከባሕሩ ዳር ከማክመርዶ ጣቢያ በአውሮፕላን ወይም በትራክተር በሚጎተት ተሳቢ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርስ ነው።

የውኃ ጉድጓዱን አሠራር ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በረዶው በሙቅ ውኃ እየተበሳ ይወረድና ውኃ የማያሰርግ ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ሲገኝ፣ ከጄኔሬተሮቹ በሚተርፈው ሙቀት የሞቀ ውኃ ሳያቋርጥ እየተላከ ዙሪያውን ያቀልጠዋል፤ እንዲህ እያለ በበረዶው ውስጥ አንገቱ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የሆነ፣ እንስራ የመሰለ ኩሬ ይፈጠራል፤ ለመጠጡም ለማብሰያውም የሚቀዳው ከዚሁ ነው። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድና ውኃውን መሳብ ሲከብድ ሌላ ይቆፈራል፣ አሮጌውም የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ተመራማሪዎች ከዚህ ጉድጓድ ወለል ላይ ከጠፈር የወረደ ደቃቅ ብናኝ ለቅመዋል፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ወድቆ በበረዶ የተቀበረው ብናኝ፣ በረዶው ሲቀልጥ ከሥር ይዘቅጣልና።

ወደ ሕመሙ ስንመጣ፣ ጣቢያው እንደ ከተማዎ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቢሆንም በዋልታው አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ፣ አዲስ ገቢዎች ደረጃ ሲወጡ እንኳ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ፀሐይ በመጋቢት ጠልቃ የምትወጣው በመስከረም ነው። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ድረስም ቅዝቃዜው የአውሮፕላን ነዳጅ ስለሚያረጋ መደበኛ በረራ የለም፤ የሚቀሩት 40 ያህል ሰዎችም ሕይወታቸውን ለጣቢያው ሐኪም አደራ ብለው ይከርማሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን የታመሙት ሐኪሟ ራሳቸው ነበሩ። ዶክተር ጄሪ ኒልሰን ጡታቸው ላይ እባጭ ሲያገኙ፣ የሕክምና ሙያ በሌላቸው ባልደረቦቻቸው እየታገዙ ናሙናውን ከገዛ አካላቸው ወሰዱ፤ የካንሰር መድኃኒቱም በጨለማ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ተጣለላቸው፤ ሊወጡ የቻሉት በጥቅምት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ደግሞ ትዊን ኦተር የተባለ ትንሽ አውሮፕላን 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል በጨለማ በርሮ፣ በበረዶ መንሸራተቻው አርፎ፣ ሁለት ሕሙማን ይዞ ተመልሷል።