ኤል አላሜይን ስሄድ የጣሊያኖቹን መቃብር ልለፈው?

ጥያቄ፦ ካይሮ የምማር ኢትዮጵያዊት ነኝ። ጓደኞቼ በጥቅምት ኤል አላሜይን ወርደው የጦር መቃብሮቹን ሊጎበኙ አስበዋል። አያቴ አርበኛ ነበሩና የጣሊያኖቹን መታሰቢያ ለመርገጥ ልቤ እምቢ አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዝ ከጀርመንና ከጣሊያን ጋር በዚያ በረሃ ተዋግታ ነበርና የሦስቱንም አገር መቃብር እዪ።

ከእንግሊዞቹ ጀምሪ። ከአሌክሳንድሪያ ወደ መርሳ ማትሩህ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ7 ሺህ በላይ መቃብር አለ፤ 815ቱ ስም የላቸውም። በመግቢያው ግንብ ላይ ደግሞ መቃብራቸው የማይታወቅ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ስም ተቀርጿል። ከእነዚህ መካከል የሕንዶቹን ፈልጊ። በ1941 እ.ኤ.አ. ኤርትራ ውስጥ ከረን ላይ የጣሊያንን ምሽግ የሰበሩት 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች በዓመቱ እዚህ በረሃ ተሰልፈው ነበር። የአያትሽን ጠላት የወጉ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ረጅም ሰዓት የቆምኩት እዚያ ነው። በእምነታቸው ሥርዓት አስከሬናቸው ለተቃጠለ ከ600 በላይ ወታደሮችም በዚያው ግቢ የተለየ መታሰቢያ አላቸው።

የጀርመኖቹ ስምንት ማዕዘን ያለው የድንጋይ ምሽግ ነው፤ ቶሎ ታይቶ ያልቃል።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር ልምጣ። የጣሊያኖቹን ነጭ ግንብ የነደፈው ፓኦሎ ካቻ ዶሚኒዮኒ፣ በ1935–36 እ.ኤ.አ. አገራችንን ከወረሩት መኮንኖች አንዱ ነው። እኔንም ይህ አስመርሮኛል። ግን ይኸው ሰው ከጦርነቱ በኋላ ዓመታት ሙሉ በዚህ በረሃ እየዞረ የወዳጁንም የጠላቱንም አስከሬን ሲለቅም ኖሯል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ውስጥ ስትገቢ ግድግዳው ላይ ስም ሳይሆን «ያልታወቀ» የሚል ጽሑፍ ደጋግሞ ይገጥምሽና የእናቶቻቸው ነገር ያንገበግብሻል። ጣሊያን ቀጥሮ ላዘመታቸው የሊቢያ አስካሪዎችም በዚያው ትንሽ መስጊድ አለላቸው። ግራዚያኒ ኦጋዴን ላይ ያሰለፈው የሊቢያ ክፍለ ጦር ወገኖች ናቸውና እነሱን ሳታዪ እንዳትመለሺ፤ አገሩን የተቀማ ሰው የሌላውን አገር እንዲቀማ ሲላክ ምን እንደሚሆን እዚያ ይገባሻል። አበባ ማስቀመጥ ግዴታሽ አይደለም።

ዋናው ጥንቃቄሽ ፈንጂ ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የተቀበረው ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተለቀመም፤ ከአስፋልቱና ከግቢዎቹ ውጪ አንድ እርምጃ አትውጪ፣ አሸዋ ላይ ያየሽውን ብረትም አትንኪ። መቃብሮቹ ስለሚራራቁ ታክሲውን ለቀኑ ሙሉ ተዋዋዪ። ፓስፖርት፣ ኮፍያና በቂ ውሃ ያዢ።