ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚውል ሰው ምሳ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በማለዳ ወጥቼ ማታ ስለምመለስ ምሳዬ ሳምቡሳና ለስላሳ መጠጥ ብቻ ሆኗል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የቸገረዎት ጊዜ እንጂ ምግብ ስላልሆነ፣ የሳምንቱን ማብሰል ወደ እሑድ ቢያዞሩት ይቀልዎታል። ሽምብራ ወይም ባቄላ ቅዳሜ ማታ ዘፍዝፈው በማግስቱ ይቀቅሉ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ጥራጥሬ የሚዘገየውም በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ካለዎት ይጠቀሙበት። የሦስት ቀኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ የቀረውን በረዶ ቤቱ ውስጥ በየድርሻው ከፋፍለው ያስቀምጡ።

ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዞው ነው። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች የበሰለ ምግብ እንዲሁ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ስለዚህ ጠዋት በደንብ አፍልተው ሙቀት በሚይዝ ምሳ ዕቃ ይያዙት፣ እንጀራውን ለብቻው ጠቅልለው። ይህ ባይመች ቆሎና ሙዝ ይበቃሉ፤ ቆሎን የመንገድ ማሳለፊያ ብቻ አድርገን መናቃችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ለስላሳውን ግን በውኃ ይተኩት፤ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው።