የቅሬው ደብተርና የቀበሌው መዝገብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከደሴ፣ ከደሴ ዙሪያና ከኮምቦልቻ የተላኩ ናቸው። ብዙዎቹ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ የቅሬ (በሌላው አካባቢ ዕድር የሚባለው) እና የመሸኛ ጉዳይም አለባቸው። የመጀመሪያው ብዙ ቤት የሚነካ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ «አባታችን ካረፉ ሰባት ወር ሆነ። ቀብሩንም ሐዘኑንም ቅሬያችን በሚገባ አከናውኖልናል፤ የቅሬው ዳኛም (መሪው) ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሰጥተውናል። ባንክ ያለውን ገንዘብ ልናወጣ ስንሄድ ግን የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማስረጃ ተጠየቅን። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ የቀበረው ሰው መሞቱን ማን ይጠራጠራል? እናታችንስ ወራሽ ናት ወይ?» (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ ፈጣሪ ያጽናችሁ። መሞታቸውን የሚጠራጠር የለም፤ ባንኩ የሚፈልገው ሞቱ በመንግሥት መዝገብ መስፈሩን የሚያሳይ ወረቀት ነው። ቅሬ ሰውን በክብር ይቀብራል፣ ሐዘንተኛን ያጽናናል፤ ደብተሩ ግን የክብር መዝገብ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚሰፍርበት የመንግሥት መዝገብ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡት በክብር መዝገብ ሹሙ ዘንድ ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። ሰባት ወር ቢያልፍም በሩ አልተዘጋባችሁም። እንደ ዘገየ ምዝገባ ይታያል፤ ልዩነቱ ተጨማሪ ማስረጃና ምስክር የሚጠየቅ መሆኑ ነው።

የምትሄዱት አባታችሁ በቋሚነት ይኖሩበት ወደነበረው ቀበሌ ነው። አብሯቸው ይኖር የነበረ የቤተሰብ አባል ቢያስመዘግብ ይመረጣል፤ እሱ ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዘመድ ከሌለም ጎረቤት ማስመዝገብ ይችላል። የሟችን የነዋሪነት መታወቂያ፣ የአስመዝጋቢውን መታወቂያ፣ ሆስፒታል ያረፉ ከሆነ ደግሞ ከዚያ የተሰጠውን የሞት ማሳወቂያ ያዙ። ቤት ውስጥ ያረፉ ከሆነ የቅሬው ደብዳቤ ትልቅ ቦታ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ከቀብሩ ቦታ፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ የሚገኝ ማስረጃ ቢጨመርበት ይጠነክራል።

ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በስም ነው። የቅሬ ደብተር ሰውን የሚያውቀው ሰፈሩ በሚጠራበት ስም ነው። «ጋሽ ሰይድ የወፍጮው» ተብሎ ለሠላሳ ዓመት ወርሃዊ መዋጮ ሲከፍል የኖረ አባል፣ መታወቂያው ላይ «ሰኢድ እንድሪስ አሊ» ሆኖ ይገኛል። የክብር መዝገብ ሹሙ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው ብሎ በራሱ ግምት ሊጽፍ አይችልም፤ ቢጽፍም ነገ ፍርድ ቤት ላይ ችግሩ የእናንተ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ደብዳቤውን መታወቂያውን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ይጻፍ። ስም እስከ አያት፣ ያረፉበት ቀንና ቦታ፣ የተቀበሩበት ቀንና ቦታ ይግባበት፤ የሰፈር ስማቸውም «በሰፈሩ እንዲህ ተብለው የሚታወቁት» ተብሎ ይጠቀስ።

ሁለተኛው መሰናክል ቀኑ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያረፈን ሰው ቤተሰቡ «የ14 ሌሊት» ይላል፤ በእኩለ ሌሊት ቀን የሚቀይር የሆስፒታል መዝገብ ደግሞ 15 ብሎ ይጽፈዋል። የሆስፒታል ወረቀት ካላችሁ ሌሎቹ ሰነዶች እሱን ይከተሉ። ሁለት ወረቀት ሁለት ቀን ከያዘ የወራሽነት ማመልከቻው ሊመለስባችሁ ይችላል።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ከያዛችሁ በኋላ የወራሽነት ማስረጃ ለማግኘት ለፍርድ ቤት ታመለክታላችሁ። እናታችሁን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነጥብ እንለይ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የትዳር ጓደኛ፣ ኑዛዜ ከሌለ በቀር፣ ወራሽ አይደለም። ይህ ማለት ግን እናት ባዶ እጅ ትቀራለች ማለት አይደለም፤ በትዳር ውስጥ ከተፈራው ሀብት ግማሹ ከመጀመሪያውም የራሷ ነው። ለምሳሌ በትዳር የተጠራቀመው 400,000 ብር ቢሆንና ዕዳም ኑዛዜም ባይኖር፣ 200,000 ብሩ የእናት ድርሻ ሆኖ ይወጣል፤ የሚወረሰው ቀሪው 200,000 ብቻ ነው፤ ልጆቹ አራት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 50,000 ብር ይደርሳል። ወንድና ሴት ልጅ እኩል ናቸው። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነና ሁሉም ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ ክፍፍሉም በዚያው ሕግ ይሆናል። በዚያ ሚስት ልጆች ባሉበት ከውርሱ አንድ ስምንተኛ ታገኛለች፤ የወንድና የሴት ልጅ ድርሻም ይለያያል። ያለ ፈቃዱ ማንም ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አይገደድም። ስለዚህ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ከተመካከራችሁ በኋላ አመልክቱ፤ አንዱ ወንድም ቀድሞ ብቻውን ካመለከተ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ቤተሰብ ያፈርሳል።

አባታችሁ ጡረተኛ ከነበሩ ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ፦ እናታችሁ፣ አባታችሁ ያገኙት ከነበረው አበል ግማሹን የማግኘት መብት አላት። ለዚያ የሞቱ ምስክር ወረቀት ብቻ ሳይሆን የጋብቻ ማስረጃም ይጠየቃል። ድሮ በሽማግሌ የተጋቡ ከሆኑና ወረቀት ከሌላቸው፣ ጋብቻውን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይህን ፈጥናችሁ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ደሴ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወለደች። እኛ የምንኖረው ደሴ ዙሪያ ነው። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ስሟን እስክናጸና ብለን አላስመዘገብንም። አሁን 83 ቀኗ ነው። የት እናስመዝግብ?»

መልስ፦ በዚህ ሳምንት ይሂዱ፤ የቀረው ሰባት ቀን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ስለሚነሳ ጊዜ ይተርፋል፤ ለሴት ልጅ ግን 80ውን ቀን የጠበቀ ወላጅ በእጁ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው፤ ከድግሱ ድካምና ከእንግዳ ሽኝት ጋር ደግሞ እሱም ቶሎ ያልቃል። የክርስትና ስም በመዝገቡ ላይ የግድ አያስፈልግም። መጠሪያ ስሟን ከወሰናችሁ የሚጻፈው እሱ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ነው፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ልጅ ክርስትናውን መጠበቅ አያስፈልግም።

የምዝገባው ቦታ የሚወሰነው በወላጆች መደበኛ መኖሪያ እንጂ በተወለደችበት ሆስፒታል አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይንከራተታል። ደሴ ዙሪያ ወረዳና ደሴ ከተማ ስማቸው ቢመሳሰልም፣ የወረዳው መሥሪያ ቤትም ደሴ ከተማ ውስጥ ቢገኝም፣ አስተዳደራቸው የተለያየ ነው። የከተማው ቀበሌ ተሰልፈው ውለው «የእኛ ነዋሪ አይደሉም» ከመባል፣ መታወቂያዎ ላይ ያለውን ቀበሌ አይተው በቀጥታ ወደዚያው ይሂዱ። ሆስፒታሉ የሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ፣ የሁለታችሁን መታወቂያና የጋብቻ ወረቀታችሁን ይያዙ። ማሳወቂያዋ ትንሽ ወረቀት ናት፤ ከክትባት ካርዱ ጋር ታጥፋ ነጠላ ጫፍ ላይ ስትቋጠር ማጠፊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ይፋቃል፣ ብዙውን ጊዜም የሚፋቀው ቀኑ ነው። በፕላስቲክ አድርጋችሁ ያዟት። ቤት ለወለደች እናት ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የልደት ማሳወቂያ ትሰጣለች።

ጥያቄ፦ «ልጄ የተወለደው ጥር 10 ቀን 2015 ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በፈረንጆቹ 2022 ተብሎ ተጽፏል። ስሙም ሐሰን በሃሌታው ሆኗል። ችግር ያመጣል?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የዓመቱ ስህተት ያመጣል፤ ፓስፖርት ሲያወጡ ይጋጭብዎታል። ስህተቱ የመጣው 7 ብቻ በመደመሩ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ጥር 10 ቀን 2015 በትክክል ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ነው። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ 2015 ጳጉሜን ስድስት የነበረችበት ዓመት ስለሆነ፣ ጳጉሜን 6 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነች፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ በ12 ዋለ።

የፊደሉ ጉዳይ በአማርኛው ብዙ አይጎዳም፤ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ግን ያስቸግራል። ሰይድ፣ ሰኢድ፣ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ የሱፍ፣ ዩሱፍ የሚሉት የወሎ ቤት ሁሉ ስሞች እያንዳንዳቸው ሦስትና አራት ዓይነት የላቲን አጻጻፍ አላቸው። የአባት ፓስፖርት ወይም የትምህርት ማስረጃ ካለ፣ የልጁ ምስክር ወረቀት ከዚያ ጋር አንድ ዓይነት ይጻፍ። ይህን ሹሙ ሊያውቅልዎ ስለማይችል በወረቀት ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ ከመፈረምዎ በፊትም መዝገቡን ራስዎ ያንብቡ፣ ወይም የሚያነብልዎ ሰው ይዘው ይሂዱ። ከተፈረመና ከታተመ በኋላ ማረም ማመልከቻና ማስረጃ ይጠይቃል፤ ስምን መለወጥ ደግሞ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።

ጥያቄ፦ «ኒካሕ ካሰርን ሁለት ሳምንት ሆነን። ቃዲው ወረቀት ሰጥተውናል። ይኸው ይበቃል?»

መልስ፦ ጋብቻችሁ በኒካሑ ጸንቷል፤ መመዝገብ ግን አለበት፤ 16 ቀን ይቀራችኋል። የኒካሕ ወረቀቱን፣ መታወቂያችሁን፣ ዕድሜያችሁ 18 መሙላቱን የሚያሳይ ማስረጃና ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ፣ ኒካሑ ላይ ከነበሩ ምስክሮች ጋር ሁለታችሁም ቀርባችሁ ፈርሙ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ የተጋባም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ «ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ከመጣሁ ዓመት ሆነኝ፤ የምኖረው በኪራይ ነው። የሰፈሩ ቅሬ ልግባ ስል 2,000 ብር የመግቢያ ክፈል ተባልኩ። ነባሮቹ በወር 30 ብር ነው የሚከፍሉት። ይህ አግባብ ነው?»

መልስ፦ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ካስረዱዎት አግባብ ሊሆን ይችላል። ነባሮቹ ለዓመታት ያዋጡት ብር ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰታቴና ቃሬዛ ሆኗል፤ እርስዎ በገቡ ማግስት የዚህ ሁሉ እኩል ባለመብት ይሆናሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የዕቃው ዋጋ 180,000፣ ባንክ ያለው 60,000 ብር ቢሆን በድምሩ 240,000 ይሆናል፤ ለ120 አባላት ሲካፈል ለአንድ ሰው 2,000 ይደርሳል። ክርክር መነሳት ያለበት በዕቃው ግምት ላይ ነው። አሥር ዓመት ፀሐይና ዝናብ የተፈራረቀበት ሸራ በአዲስ ዋጋ ከተገመተ መጤው ያላግባብ ይከፍላል። ግምቱ ዛሬ ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ይሁን። አቅም ከሌለ በሦስትና በአራት ጊዜ ለመክፈል ይጠይቁ፤ ቅሬ ሰው የሚሰበስብ እንጂ ሰው የሚያርቅ አይደለምና ዳኛውና አባላቱ ይሰሙዎታል ብለን እናምናለን።

ከመክፈልዎ በፊት ደንቡን እንዲያነቡልዎ ይጠይቁ። አገልግሎት የሚጀምረው ከስንት ወር በኋላ ነው? የሚስት አባትና እናት ይካተታሉ? ሩቅ አገር ለሞተ ዘመድ ሰው ይላካል ወይስ ገንዘብ ይሰጣል? ቤት ቢቀይሩስ ምን ይመለስልዎታል? ጠብ የሚነሳው በእነዚህ ነው፤ የሚነሳውም ሬሳ ቤት ባለበት ሰዓት ስለሆነ መራራ ነው። ለቅሬ ዳኞችም አንድ ቃል፦ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚቀባበርበት ቅሬ ድስቱና ሰታቴው በቀለም ምልክት ይለይ፣ ግምጃ ቤቱም ለየብቻ መደርደሪያ ይኑረው። ገንዘቡ በቅሬው ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ወጪውም በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ይሁን። ሒሳቡን ለመክፈት ባንኩ ቃለ ጉባኤና የቅሬውን ሕጋዊነት የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ «በ2014 በጦርነቱ ወቅት የቀበሌያችን ቢሮ ሰነድ ጠፍቷል። ምስክር ወረቀቴም የለኝም። እንደገና ልመዝገብ?»

መልስ፦ ወዲያው «አዲስ» ብለው አይመዝገቡ፤ አንድ ልደት ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ መዘዙ ብዙ ነው። የምዝገባ ቅጂ ቀበሌ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ወደ በላይ ይተላለፋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ከተማው ላይ ቅጂው እንዲፈለግ በጽሑፍ ይጠይቁ። የድሮ ፎቶ ኮፒ ወይም ትምህርት ቤት ያስገቡት ቅጂ ካለ የመዝገብ ቁጥሩን ከዚያ ማግኘት ይችላሉ። ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ ከዚያ በፊት ያወጡት ወረቀት ከሆነ ግን በዚህ መዝገብ ላይ ላይኖሩ ይችላሉ፤ እንግዲያውስ መመዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ «ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቤት ቀየርኩ። ፋይዳ አለኝ። ቀበሌው ግን መሸኛ ካላመጣህ መታወቂያ አልሰጥም አለኝ።»

መልስ፦ ልክ ናቸው። ፋይዳ ማን እንደሆኑ ያረጋግጣል፤ የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆኑ የሚያሳየው ግን የነዋሪነት መታወቂያው ነው። ኮምቦልቻ ወደነበሩበት ቀበሌ ሄደው የድሮውን መታወቂያ መልሰው መሸኛ ይውሰዱ። ከመመለስዎ በፊት የመታወቂያውን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ኮፒ ያድርጉ፤ አዲሱ እስኪወጣ ድረስ በእጅዎ ሌላ የቀበሌ ማስረጃ አይኖርዎትም። መሸኛው ላይ አብረዎት የሚኖሩት የቤተሰብ አባላት ስም ሁሉ መኖሩን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ አንድ ልጅ ከተዘለለ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ወደ ኮምቦልቻ ለመመለስ ይገደዳሉ።